ከአተላ እስከ ፋጉሎ፤ የዶሮ መኖ ታሪክ በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች

መግቢያ

እንደሚታወቀው በአካባቢያችን ዶሮ የማይጮህበት የገበሬ ደጅ ማግኘት ያስቸግራል። ከጉና ተራራ ሥር ካሉት የፋርጣ ደጋዎች ጀምሮ እስከ ላይ ጋይንት፣ እስቴና እብናት ድረስ ዶሮ የእናቶች የገንዘብ ሣጥን ናት። ጨው ሲያልቅ፣ ለልጅ ደብተር ሲያስፈልግ፣ እንግዳ ሲመጣ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። ሆኖም ስለ ገብሱ፣ ስለ ድንቹና ስለ በሬው ብዙ ሲጻፍ ዶሮዋ ምን በልታ እዚህ እንደደረሰች የጻፈ ሰው ጥቂት ነው።

ዩኒየናችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ እህል ግብይት ሌሎች ባልደረቦቼ እንደሚጽፉ አምናለሁ። እኔ በቀበሌ የልማት ጣቢያ ሠራተኛነቴ ብዙ ጊዜ የሚቀርብልኝን አንድ ጥያቄ ይዤ ቀርቤአለሁ። ጥያቄውም «የፈረንጅ ዶሮ ሰጣችሁን፤ የምትበላውስ?» የሚል ነው። መልሱን ለማግኘት ትንሽ ወደ ኋላ ሄዶ ታሪኩን ማየት ያስፈልጋል።

እህል ሲኖር ትል የለም፤ ትል ሲኖር እህል የለም

ዶሮ ወደ አገራችን የገባችው ትናንት አይደለም። በትግራይ መዝበር በተባለ ጥንታዊ የመንደር ፍርስራሽ የተገኙ የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት የ9ኛው ወይም የ10ኛው መቶ ዓመት መሆናቸውን የቁፋሮ ተመራማሪዎች ገልጸዋል። ይህም በአፍሪካ ከታወቁት እጅግ ቀደምት የዶሮ ማስረጃዎች አንዱ ነው። እንግዲህ የእኛ ገበሬ ከዶሮ ጋር የኖረው ከ2,500 ዓመት በላይ ነው ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ ዘመን ለዶሮ ተብሎ የተዘጋጀ መኖ አልነበረም። ዶሮዋ ጭራ ትበላለች፤ ባለቤቷም የአውድማ ጥራጊ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የጠላ አተላና አንድ እፍኝ ገብስ ትጥልላታለች። ይህ አያያዝ ቀላል ቢመስልም የራሱ ጥበብ ነበረው። አተላው ከእህሉ ቅሪት ሌላ እርሾ ስላለበት ከደረቅ እህል የተሻለ የአካል ገንቢ ምግብ ይሰጣል። ትሉና አንበጣው ደግሞ የሥጋን ያህል ጠቃሚ ነው። ቅጠሉ የእንቁላሉን አስኳል ቢጫ የሚያደርገውን ቀለምና ቫይታሚኑን ይለግሳል።

ችግሩ ወቅቱ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር አውድማው ሞልቶ እህል ሲተርፍ መሬቱ ይደርቅና ትልም ቅጠልም ይጠፋል። በክረምት ትሉና ለምለሙ ሲበዛ ደግሞ ጎተራው ይጎድላል። ዶሮዋ ኃይል ሰጪና አካል ገንቢ ምግብን በአንድ ጊዜ አሟልታ የምታገኝበት ወር አጭር ነው። የአገራችን ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 የሚደርስ እንቁላል ብቻ የምትጥለው በዘሯ ምክንያት ብቻ ሳይሆን በዚህም ምክንያት ነው። ይህን መረዳት ለሚቀጥለው ታሪክ ቁልፍ ነው።

የፈረንጅ ዶሮ መጣች፤ መኖዋ ግን ከኋላ ቀረ

የውጭ ዝርያዎች ወደ ኢትዮጵያ በተደራጀ መንገድ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሲሆን መግቢያዎቹም የጅማ የግብርና ትምህርት ቤትና የዓለማያ የግብርና ኮሌጅ ነበሩ። ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ኋይት ሌግሆርን፣ ኒው ሀምፕሻየርና አውስትራሎርፕ የተባሉት በዚያ ዘመን ተሞከሩ። በኋላም በመንግሥት የዶሮ ማባዣ ማዕከላት እየተራቡ ለገበሬው መከፋፈል ጀመሩ። በክልላችን ለዚህ ሥራ የሚጠቀሱት በባሕር ዳር አቅራቢያ የሚገኘው የአንዳሳና በወሎ የሚገኘው የኮምቦልቻ ማዕከላት ናቸው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በገጠር «ቀይዋ የፈረንጅ ዶሮ» የምትባለው ሮድ አይላንድ ሬድ የታወቀችው በዚህ መንገድ ነው። ቄቦቹ በመኪና እየመጡ ሲታደሉ፣ ጫጩት ማሳደጊያ የሣር ሣጥን ሲሠራ እናቶቻችን ያስታውሳሉ።

የእነዚህ ዶሮዎች አቅም ትልቅ ነው። በሚገባ የተመገበች የተሻሻለች ዶሮ በዓመት ከ200 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ለሥጋ ብቻ የተዘጋጁት እንደ ኮብ 500 ያሉት ደግሞ በ6 ሳምንት ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናሉ። ይህ የሚሆነው ግን ከመቶው 20 እጅና ከዚያ በላይ አካል ገንቢ ንጥረ ነገር ያለው መኖ ሲያገኙ ነው። በቆሎ 9 እጅ ገደማ ብቻ ነው ያለው። ገብስም ከዚህ እምብዛም አይርቅም። ስለዚህ የሥጋ ዶሮን በበቆሎ ብቻ ማሳደግ ልጅን በቆሎ ብቻ እንደ ማሳደግ ነው፤ ሆዱ ይሞላል፣ ቁመቱ ግን አይጨምርም።

ዝርያው ሲከፋፈል መኖው አብሮ አልተከፋፈለም። የተቀነባበረ መኖ የሚመረተው በአብዛኛው በቢሾፍቱና በአዲስ አበባ ዙሪያ በመሆኑ ደብረ ታቦር እስኪደርስ ትራንስፖርቱ፣ ነጋዴውና ማከማቻው ይደረቡበታል። በዶሮ እርባታ ከጠቅላላ ወጪው ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው የመኖ ወጪ እንደሆነ ባለሙያዎች ይስማማሉ። በዚህ ላይ ባለፉት ዓመታት በጦርነትና በጸጥታ ችግር መንገድ በተዘጋ ቁጥር የመኖ ጆንያ ከመንገድ ቀርቷል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚገቡት ፕሪሚክስ፣ ላይሲንና ሜታዮኒን በብር ሲሰሉ ዋጋቸው አሻቅቧል። የሥጋ ዶሮ ሆዷ አይጠብቅም፤ የአንድ ሳምንት መጓደል የወር ድካም ያስቀራል።

ከሌሎች አገሮች ምን እንማራለን?

ዶሮና የእህል ገለፈት የዓለምን የምግብ ሳይንስ የቀየሩበት ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ በጃቫ ደሴት ክርስቲያን ኤይክማን የተባለ የሆላንድ ሐኪም እግር የሚያሽመደምደውን የቤሪቤሪ በሽታ ያጠና ነበር። በግቢው ያሉት ዶሮዎች እንደ ሕመምተኞቹ እግራቸው ይዛል ጀመር። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ዳኑ። ነገሩ ሲጣራ ዶሮዎቹ የታመሙት ከወታደር ሆስፒታሉ ወጥ ቤት የተፈተገ ነጭ ሩዝ በሚበሉበት ጊዜ ነበር፤ አዲስ ወጥ ሠሪ መጥቶ የወታደሩን ሩዝ ለዶሮ አልሰጥም ሲልና ያልተፈተገ ሩዝ ሲሰጣቸው ተሻላቸው። በሩዙ ገለፈት ውስጥ የነበረው በኋላ ቫይታሚን የተባለው ነገር ነው። ኤይክማን በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1929 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። እኛ «ፉሩሽካ ነው» ብለን የምንንቀው ነገር ይህን ያህል ዋጋ አለው።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ጥሬነት ነው። አኩሪ አተር በአካል ገንቢነቱ ቢታወቅም ጥሬውን የበሉ እንስሳት እንደማያድጉ፣ ሲበስል ግን እንደሚስማማቸው እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካ ውስጥ ታወቀ። በጥሬው ውስጥ ምግብ እንዳይፈጭ የሚያደርግ ነገር አለ፤ እሳት ያጠፋዋል። ቆልተን ወይም ቀቅለን የምንሰጠው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ትምህርት ከመድኃኒት ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ክሎርቴትራሳይክሊን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የተሠራበት ዝቃጭ ለጫጩት ሲሰጥ እድገቷን እንደሚያፋጥን ተገኘ። ከዚያ በኋላ ጤነኛ ዶሮን በየቀኑ መድኃኒት መመገብ በዓለም ተለመደ። ውሎ አድሮ ግን ተዋሲያኑ መድኃኒቱን መልመዳቸውና የሰው ሕክምናም መቸገሩ አሳሰበ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1986፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከጥር 2006 ጀምሮ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትን ለማደለቢያነት መጠቀምን ከለከሉ። የነጭ ሽንኩርት፣ የዝንጅብል፣ የእርድ፣ የጥቁር አዝሙድና የጦስኝ ዓይነት ዕፅዋትን በመኖ ላይ የመጨመር ጥናት የተስፋፋው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

በእጃችን ያለው ሀብት

በዞናችንና በአጎራባቾቻችን ያለውን የዕፅዋት መኖ ብንቆጥር ድሆች አይደለንም።

ፋጉሎ፦ ኑግ የአገራችን የራሷ ሰብል ነው። ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ 30 በመቶ ገደማ አካል ገንቢ አለው። ሆኖም ጭረቱ ብዙ በመሆኑ ለዶሮ ከመጠን በላይ አይሰጥም፤ ላይሲን የተባለው ንጥረ ነገርም ያንሰዋል። ባቄላና አተር ደግሞ በላይሲን የታደሉ፣ በሜታዮኒን ግን የደኸዩ ናቸው። እንጀራ ከሽሮ ጋር ሲበላ እንደሚሟላ ሁሉ ፋጉሎም ከተቆላና ከተሰበረ ባቄላ ጋር ሲቀላቀል አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። የባቄላ ክክ ሲዘጋጅ የሚወድቀው ስብርባሪ ለዚህ ይበቃል።

የሩዝ ፉሩሽካ፦ ሩዝ በፎገራና በደራ የተጀመረው በደርግ ዘመን በሻጋና በጅግና አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ እንደነበር ይታወቃል። ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ቀበሌ ነው። ዛሬ በወረታ መፈተጊያዎች የሚወጣው ፉሩሽካ ከ12 በመቶ በላይ አካል ገንቢና ብዙ ቅባት አለው። ቅባቱ ግን በቶሎ ስለሚሻግት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መመገብ አለበት። ከእቅፉ ጋር የተደባለቀው ለዶሮ ሆድ አይስማማም።

ግብጦ፦ በአካል ገንቢ ይዘቱ ከአብዛኞቹ ጥራጥሬዎቻችን ይበልጣል፤ መራራነቱ ግን መርዝ ነው። እናቶች ለሰው ሲያዘጋጁት ቆልተውና ቀቅለው ለቀናት በወራጅ ውኃ እንደሚዘፈዝፉት ሁሉ ለዶሮም ምሬቱ ሳይወጣ መስጠት አይገባም።

ጓያ፦ በደምቢያና በፎገራ ሜዳዎች በችግር ዓመታት ሰውን ሽባ ያደረገ ጥራጥሬ ነው። ጫጩትንም ይጎዳል። ርካሽ ነው ተብሎ በመኖ ውስጥ እንዳይገባ አጥብቄ እመክራለሁ።

ትሪ ሉሰርንና አልፋልፋ፦ ትሪ ሉሰርን ለደጋችን የተስማማ ዛፍ ነው። ቅጠሉ በጥላ ደርቆ ሲፈጭ ከመኖው 5 በመቶ አካባቢ ቢገባ አስኳሉን ያቀላል፤ ቫይታሚንም ይሰጣል። ከዚያ ሲበዛ ጭረቱ የሥጋ ዶሮን እድገት ይጎትታል።

ጦስኝና ነጭ ሽንኩርት፦ በደጋማው ምድራችን የሚበቅለው ጦስኝ የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ልዩ ሀብት ነው። በዘይቱ ያሉት ካርቫክሮልና ቲሞል ተዋሲያንን የሚያዳክሙ በመሆናቸው በሌላው ዓለም በመኖ ላይ የሚጨመሩት ተመሳሳይ ነገሮች ናቸው። ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ። በጥቂቱ ቢሰጡ የምግብ ፍላጎትን ይረዳሉ እንጂ አይጎዱም። ነገር ግን አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ፌጦ ፈንግልን አያድንም። ፈንግል በአገራችን በሳይንስ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1971 አሥመራ ውስጥ በአንድ የዶሮ እርባታ ሲሆን ከዚያ ወዲህ መንደር ሙሉ ዶሮ እየጨረሰ ኖሯል። መከላከያው ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚመረተው ክትባት ነው። «ይህን ቅጠል ከሰጠሃት ክትባት አያስፈልጋትም» የሚል ሻጭ ቢመጣ «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» የሚለውን የአባቶች ተረት ማስታወስ ነው።

ከራሴ ስህተት

ይህን ሁሉ የምጽፈው ሳልሳሳት ቀርቼ አይደለም። ከወረታ ግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት 25 ጫጩቶች እንዲወስዱ ገፋፋኋቸው። ገንዘቡን ያገኙት አንዲት በግ ሸጠው ነው። የተዘጋጀ መኖ መግዛት ስላልቻሉ በቆሎና ፋጉሎ እንዲቀላቅሉ ነገርኳቸው። መጠኑን በወረቀት ጻፍኩላቸው፤ ልጃቸውም አነበበላቸው። ፋጉሎውን ግን አላየሁም።

ከገበያ በርካሽ የተገዛው ፋጉሎ የጆንያው ሥር ዝናብ የነካው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ጫጩቶቹ ላባቸው ቆሞ መብላት ቀነሱ። ክትባት ስለነበራቸው ፈንግል አይደለም ብዬ ስሄድ ጆንያውን ፈታሁት። እንደ ጓል የተያያዘ፣ አረንጓዴና ጥቁር ሻጋታ የለበሰ ነበር። ከ25ቱ 11 ሞቱ። እኚያ እናት አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ አንተ የጻፍከውን ሳላጓድል ነው የሰጠኋቸው» ብቻ አሉኝ። ከቁጣ የበለጠ የከበደኝ ይህ ነው። እርግጥም አላጓደሉም፤ ያጓደልኩት እኔ ነኝ። መጠኑን አስተማርኩ፣ ጥራቱን ማየት አላስተማርኩም።

በኋላ እንደተማርኩት በሻጋታ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ የዶሮን ጉበት ያጠፋል፤ በማፍላትም ሆነ በፀሐይ በማስጣት አይወገድም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የወተት አካባቢዎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት የኑግ ፋጉሎ ለዚህ መርዝ ዋናው ምንጭ መሆኑን አሳይቷል። ላም ስትበላው ወደ ወተቱ ያልፋል። ስለዚህ ጉዳዩ የዶሮ ብቻ ሳይሆን የልጆቻችንም ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በማሠልጠኛ ማዕከላችን ስለ መኖ ሳስተምር የመጀመሪያው ትምህርት ጆንያ ፈትቶ ማየት፣ ማሽተትና የተጓጎለውን መጣል ነው። እኚያ እናትም የቀሩትን 14 አሳድገው ሸጠዋል። ዛሬ በቀበሌው ስለ ሻጋታ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ቢናገሩ ይሰማሉ።

ከኅብረት ሥራ ምን ይጠበቃል?

በአዋጅ ቁጥር 147/1991 መሠረት ኅብረት ሥራ ማኅበራት በአዲስ መልክ ሲደራጁ፣ በኋላም ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ሲተካ ዓላማው አንድ ነው፤ አባሉ ብቻውን የማይችለውን በጋራ እንዲችል ነው። መኖ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን የማይችለው ነገር ነው። አንዲት እናት ግማሽ ኩንታል ፋጉሎ ስትገዛ ጆንያ ፈትታ መምረጥም፣ ዋጋ መደራደርም አትችልም።

ሒሳቡን እንመልከት። አንድ የሥጋ ዶሮ እስከ 6 ሳምንት ድረስ 4 ኪሎ ግራም ያህል መኖ ይበላል። 100 ዶሮ 4 ኩንታል ማለት ነው። 100 አባላት እያንዳንዳቸው 100 ዶሮ ቢያረቡ 400 ኩንታል ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 15 በመቶው ፋጉሎ ቢሆን 60 ኩንታል ነው። ይህ ለአንድ ግለሰብ ተራራ ነው፤ ለዩኒየን ግን የአንድ መኪና ጭነት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ይኸው ነው።

ዛሬ ኑጋችን በጥሬው ወጥቶ ይሄዳል፤ ፋጉሎው በሌላ ከተማ ይቀራል፤ ተቀነባብሮ ደግሞ በእጥፍ ዋጋ ተመልሶ ይመጣል። በመሆኑም የሚከተሉት ቢታሰቡ እላለሁ። አንደኛ፣ ኑግ ሲሸጥ ከዘይት መጭመቂያዎች ጋር በሚደረገው ውል ፋጉሎው የሚመለስበት አንቀጽ ይግባ። ሁለተኛ፣ መሠረታዊ ማኅበራት ፋጉሎና ፉሩሽካ የሚያስቀምጡበት ከመሬት ከፍ ያለ ርብራብ ያለው፣ ነፋስ የሚያገባ መጋዘን ይኑራቸው። ሦስተኛ፣ አነስተኛ መፍጫና መቀላቀያ ከመገዛቱ በፊት የመኖ ቀመሩ በምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ተፈትሾ ይጽደቅ። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 መኖ የሚያመርት ሁሉ ጥራቱን እንዲጠብቅ ስለሚያስገድድ ይህን ከመጀመሪያው ማሟላት ይሻላል። አራተኛ፣ ጫጩት ለአባላት ሲከፋፈል የ6 ሳምንት መኖ በብድር አብሮ ይሰጥ። መኖ ሳይኖር ጫጩት ማከፋፈል ይብቃ።

እርግጥ ነው በአካባቢ ዕፅዋት ብቻ የሥጋ ዶሮ እርባታ አይሞላም። ቫይታሚንና ማዕድን የያዘው ፕሪሚክስ፣ ጨውና ለእንቁላል ጣዮች የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ያስፈልጋሉ። የእኛ ፋጉሎ፣ ባቄላ፣ ፉሩሽካና ቅጠል ግን ከውጭ የምንጠብቀውን ያሳንሱታል። መንገድ ሲዘጋም ዶሮዋ አንድ ሳምንት እንድትጠብቅ ያስችሏታል።

ማጠቃለያ

አያቶቻችን ዶሮን ያሳደጉት በአተላና በአውድማ ጥራጊ ነው። ያ አልበቃ ያለው ዶሮዋ ስለተለወጠች እንጂ እነሱ ስላላወቁ አይደለም። እናቶች እስከ ዛሬ የሚያውቁት ግብጦን መዘፍዘፍ፣ ባቄላን መቁላት፣ ሻጋታን ለይቶ መጣል ሳይንሱም የሚያዘው ነው። የቀረን የእነሱን እውቀት ከሚዛንና ከቀመር ጋር አገናኝቶ በማኅበር መሥራት ነው። በሚቀጥለው የምሥረታ በዓላችን አንዲት እናት «የምትበላውስ?» ብላ ስትጠይቀኝ «ከማኅበሩ መጋዘን አለልሽ፤ ጆንያውንም ፈትተሽ እዪው» ብዬ ለመመለስ ተስፋ አደርጋለሁ።